«ፉል ኢንሹራንስ» የማይሞላው የት ላይ ነው? የጎጃም መስመር የጭነት መኪናዎችና መድኑ የማይከፍለው ጉዳት

ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ላይ ስለተቃጠለ ወይም ገደል ስለገባ የጭነት መኪና ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንሹራንስ ነበረው?» ነው። «ፉል ነበረው» ከተባለ ሰሚው እፎይ ይላል። ከወራት በኋላ ግን ወሬው ይቀየራል። «አልከፈሉትም»፣ «ግማሹን ነው የሰጡት»፣ «ጭነቱ አይመለከተንም አሉ» ይባላል። ባለመኪናው «ኢንሹራንስ ሲቀበል እንጂ ሲከፍል አይታወቅም» ብሎ ይደመድማል። መድን ሰጪው ደግሞ «ውሉን ሳያነብ ፈርሞ» ይላል።

ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ፉል» የገበያ ቃል ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚለው ነው፤ ሰፋ ያለ ወይም ጠቅላላ ሽፋን ማለት ነው። ሰፊ ነው፤ ሁሉን ግን አይሸፍንም። ካሳ ሲጠየቅ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚመረምረው ጉዳቱን ምን እንዳመጣው ነው። መኪናው ምን ያህል እንደተጎዳ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። የጎጃም መስመር ላይ ደግሞ ዛሬ ከባዱ ጥያቄ ይኸው የመጀመሪያው ሆኗል።

ሁለቱ ወረቀቶች

ማንኛውም መኪና መንገድ ላይ ለመውጣት የሦስተኛ ወገን መድን፣ በተለምዶ «ሰርድ ፓርቲ» የሚባለው፣ ሊኖረው ግድ ነው። ይህን ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። የአዋጁ ዓላማ መንገድ ላይ የሚጎዳውን ሌላ ሰው መካስ ነው። የተገጨውን እግረኛ፣ የፈረሰውን አጥር፣ የተጎዳውን ሌላ መኪና ይመለከታል። የራስን መኪና አንድ ብሎን እንኳ አይጠግንም።

ለሌላው ሰው ለሚከፍለውም ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። መጠኑ ሊሻሻል ስለሚችል የወቅቱን ጣሪያ ውል ሲታደስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ የማን ነው የሚለው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና የከተማ ሱቅ ውስጥ ቢገባ፣ ወይም ሰው የሞላ ሚኒባስ ቢገጭ፣ ሰርድ ፓርቲው የሚችለውን ከፍሎ ይቆማል። ቀሪው ባለመኪናውን እቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ሁለተኛው ወረቀት ኮምፕሬሄንሲቩ ነው። ይህኛው የራስን መኪና ይጨምራል። ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት በዋናው ውል ውስጥ ይገኛሉ። በባንክ ብድር የተገዛ መኪና ከሆነ ባንኩ ራሱ ይህን መድን ያስገድዳል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ክፍያው መጀመሪያ የሚሄደውም ወደ ባንኩ ነው። ባለመኪናው የሚያገኘው ከብድሩ የተረፈውን ነው፤ ከተረፈ።

ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ ሲል

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣል። ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ የጫነ መኪና እዚህ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ቢለው ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ልዩነት አለ። መድን የዕቃ እርጅናንና የሜካኒክ ብልሽትን አይሸፍንም። የተበላ የፍሬን ሸራ፣ ያቃጠለ ሞተር፣ የተሰበረ ባሌስትራ የባለቤቱ ወጪ ነው። ብልሽቱ ያስከተለው መገልበጥ ግን አደጋ ነው፤ ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ መድን ሰጪው ለካቢኑና ለሻሲው ከፍሎ «የፍሬን ሸራው ያንተ ነው» ሊል ይችላል። ጎማም እንዲሁ ነው። ብቻውን የፈነዳ ጎማ አይከፈልበትም። አብሮ የመኪናው አካል ከተጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ክርክሩ የሚከረረው ፍሬኑ ቀድሞ መበላቱን ባለቤቱ ያውቅ ነበር ሲባል ነው። ብዙ ፖሊሲዎች፣ ማለትም የመድን ውሎች፣ መኪናውን ለመንገድ ብቁ አድርጎ መያዝን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋሉ። ዓመታዊ ምርመራው ያለፈበት፣ ቦሎው ያልታደሰ መኪና እዚህ ላይ ይጋለጣል። ከልክ በላይ መጫንም እንደዚሁ። 400 ኩንታል እንዲጭን የተፈቀደለት መኪና 500 ጭኖ ቢገለበጥ መድን ሰጪው የሚዛን ወረቀቱን ይፈልጋል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጭነው» የሚለው መልስ ገበያ ላይ እንጂ ፍርድ ቤት አይሠራም።

ክረምት ላይ የሚንሸራተተው መሬትም አለ። የተፈጥሮ አደጋ፣ በተለይ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ጊዜ በዋናው ውል ውስጥ የለም፤ በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ነው። አረቦን ማለት ባለመድኑ በየዓመቱ የሚከፍለው ዋጋ፣ «ፕሪሚየም» የሚባለው ነው። ናዳና ጎርፍ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን፣ በዓባይ በረሃ ለሚመላለስ ሰው፣ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ጭነቱ ሌላ ውል ነው

ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ክፍተት ይህ ነው። የመኪና መድን የመኪና ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማዳበሪያ አይመለከተውም። ለጭነቱ የጉዞ ዕቃ መድን አለ፤ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ባለቤት ነው። አጓጓዡ በበኩሉ «የአጓጓዥ ኃላፊነት» የሚባል መድን መግባት ይችላል። በሕግ አጓጓዥ ዕቃውን ከተረከበበት እስከሚያስረክብበት ድረስ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃዬ ጠፋ ብሎ ሲከስ ባለመኪናው ፉሉን ይዞ ቢሮጥ በር ይዘጋበታል።

በጭነት ደላላ በኩል የሚሠራው ሥራ ይህን ክፍተት ያሰፋዋል። ስምምነቱ በስልክ ነው። ዋጋው ተነጋግሮ፣ መኪናው ተጭኖ ይሄዳል። ስለ ዕቃው መድን የሚያነሳ የለም። ነጋዴው ባለመኪናው አለው ብሎ ያስባል፤ ባለመኪናውም ነጋዴው አለው ብሎ።

የጭነት መድን ቢኖርም የራሱ ቀዳዳዎች አሉት። መዘግየት አይሸፈንም። በራሱ ባሕርይ የሚበላሽ ዕቃም አይሸፈንም። ከመራዊ፣ ከቆጋ መስኖ አካባቢ ሽንኩርት ወይም ድንች የጫነ መኪና መንገድ ተዘግቶ ሳምንት ቢቆም፣ የበሰበሰውን ማንም አይከፍልም። መኪናው አልተጎዳም፣ ዕቃውም አልተሰረቀም። ጊዜ ነው የበላው።

የቆመ መኪና ያጣው ገቢም እዚሁ ይመደባል። መኪናው ጋራዥ ገብቶ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሦስት ወር ቢቆም፣ የባንክ ብድሩ ግን አይቆምም። መደበኛው ፖሊሲ የሚከፍለው የጥገናውን ነው። የጠፋው ሥራ በመድን ቋንቋ ተከታይ ጉዳት ይባላል፤ በግልጽ ካልተጻፈ ውጭ ነው።

ሽፍታ፣ ሁከት ወይስ ጦርነት?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት ከዚያ ወዲህ የጎጃምን መንገዶች በተደጋጋሚ ዘግቷል። ከደጀን በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም ሆነ በሞጣ በኩል የሚዞረው አልተረፈም። የመድን ጥያቄው የተወሳሰበው በዚህ መካከል ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ያንን ክፍል አልሻረውም። ሕጉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ መድን ሰጪው በጦርነት፣ በእርስ በርስ ጦርነትም ጭምር፣ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ አይደለም ይላል። ፖሊሲዎቹ ዝርዝሩን ያረዝሙታል። ወረራ፣ አመፅ፣ ሁከት፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ በባለሥልጣን መወረስ ሁሉ ይገቡበታል። በዚህ መሠረት መኪና በመንግሥትም ሆነ በታጣቂ ለሥራ ተይዞ ቢበላሽ ዋናው ውል አይደርስለትም።

ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ተመልሶ የሚገዛ ነው። አገራችን ውስጥ የታወቀ አንድ ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ቢ ኤስ ጂ» ይባላል። ወንበዴ፣ ሽፍታና ጎሪላ (የደፈጣ ተዋጊ) ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው «ሽፍታ» የሚለው የእኛው ቃል በእንግሊዝኛው ፖሊሲ ውስጥ እንዳለ መግባቱ ነው። መንገድ ላይ በታጠቀ ሰው የሚደርስ ዝርፊያና ጥቃት በዚህ ይሸፈናል። ከሱ የሰፋው ደግሞ «የፖለቲካ ነውጥና ሽብር» ሽፋን ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ግጭት ባለበት አካባቢ መድን ሰጪው ላለመሸጥም ይችላል።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። ዳንግላና ዱርቤቴ መካከል ላይ መኪና ቆሞ ተቃጠለ። ማን አቃጠለው? ገንዘብ ጠይቀው ያልተሰጣቸው ወንበዴዎች ከሆኑ ቢ ኤስ ጂ ይመለከተዋል። የተደራጀ ታጣቂ ቡድን ከሆነ «ጎሪላ» የሚለው ቃል ያካትተዋል ብሎ መከራከር ይቻላል። በሁለት ኃይሎች ተኩስ መካከል የገባ ከሆነ መድን ሰጪው «ይህ የእርስ በርስ ጦርነት ነው» ይላል። የተቃጠለው መኪና በሦስቱም አንድ ነው። ሹፌሩም በጨለማ የተኮሰበትን ሰው መታወቂያ አላየም።

መድን ሰጪዎች የሚያቀርቡት ክርክር ክብደት አለው። መድን የሚሠራው ጥቂቶች ሲጎዱ ብዙዎች ሲከፍሉ ነው። በግጭት ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ያሉ መኪናዎች ባንዴ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያኔ የጋራው ሳጥን ባዶ ይሆናል። እነሱ ራሳቸው ደግሞ የጠለፋ መድን ይገዛሉ። የጠለፋ መድን የመድን ሰጪዎች መድን ነው። አብዛኛው ከውጭ ኩባንያዎች የሚገዛ ሲሆን፣ ጦርነትን ከውሉ ያወጡት እነዚያ ከሆኑ እዚህ ያለው መድን ሰጪ ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

የባለመኪናዎቹም ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው። የሸጠላቸው ሰው «ሁሉንም ይሸፍናል» ብሏል። ቢ ኤስ ጂ የሚባል ነገር መኖሩን ብዙዎች የሚሰሙት ከአደጋው በኋላ ነው። በሕግም ቢሆን ከሽፋን ውጭ ነው የሚለውን ማስረዳት ያለበት ያንን የሚለው ወገን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም አንዱ ወገን ብቻ ያዘጋጀው የውል ቃል አሻሚ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን እንዲተረጎም ያደርጋል። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ባለመኪናዎች ከሚያስቡት የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። ጎሪላን ሸፍኛለሁ ብሎ አረቦን የተቀበለ መድን ሰጪ፣ ታጣቂ ሲያቃጥል ጦርነት ነው ቢል፣ ታዲያ የሸጠው ምን ነበር ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሽፋኑን ጭራሽ ያልገዛ ሰው ግን ይህ ክርክር የለውም።

ማስረጃውም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። መድን ሰጪ የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቃል። ፖሊስ ሊደርስበት በማይችልበት ገጠር ለደረሰ ጉዳት ሪፖርቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። በንግድ ሕጉ ባለመድኑ አደጋውን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ስልክና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ አምስት ቀን አጭር ነው። ሪፖርቱ ባይደርስም ማሳወቂያውን ብቻ ቀድሞ በጽሑፍ መስጠት፣ የተቀበለበትንም ማኅተም መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። «እያየነው ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት እንዳያልፍ።

ዋጋው ያደገ መኪና፣ ባለበት የቀረ ውል

«ግማሹን ነው የሰጡት» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣ መኪናና መለዋወጫ ደግሞ ናረ። የመኪናው ዋጋ ሲያድግ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ነው። አረቦኑ እንዳይጨምር ብሎ ሆን ብሎ የሚያሳንስም አለ።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በአደጋው ጊዜ የንብረቱ ዋጋ በውሉ ላይ ከተመደበው ገንዘብ በላይ ከሆነ፣ ለልዩነቱ ባለቤቱ የራሱ መድን ሰጪ ተደርጎ ይቆጠራል። ለምሳሌ ገበያው 9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ4 ሚሊዮን 500 ሺህ ተመድኖ ነበር እንበል። ዋጋው የተሸፈነው በግማሽ ነው። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የሚፈጅ ጉዳት ቢደርስ መድን ሰጪው የሚከፍለው 600 ሺህ ነው። «ጉዳቱ ከ4 ሚሊዮን 500 ሺህ በታች ነው፣ ለምን ሙሉውን አይከፍሉም?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ከ600 ሺው ላይ ደግሞ «ኤክሰስ» ይቀነሳል። ኤክሰስ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለመድኑ ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ ነው። አሮጌው ክፍል በአዲስ ሲተካ የእርጅና ቅናሽም ሊኖር ይችላል።

ውል በዓመቱ መካከልም ቢሆን ማሻሻል ይቻላል። ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ የተመደበው ዋጋ ከፍ ይደረጋል። ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ቦሎ ሲደርስ ነው መድኑን የሚያስታውሰው።

ሹፌሩ፣ ረዳቱና ጋቢና የተሳፈረው

ሹፌርና ረዳት ሦስተኛ ወገን አይደሉም። የባለመኪናው ሠራተኞች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል፤ የመኪናው ፖሊሲ ግን ይህን በራሱ አይከፍልም። የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ለብቻው ይገባል። ሹፌር ታግቶ የሚጠየቀው ማስለቀቂያም በመኪና መድን ውስጥ የለም። በየመስመሩ ቤተሰብ ገንዘብ ሲያዋጣ የሚታየው ለዚህ ነው።

በጭነት መኪና ላይ በክፍያ የሚሳፈር ሰውም አለ። መኪናው የተመደነው ለዕቃ ነው። ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ መሥራት የራሱን የመኪናውን ካሳ ጭምር ሊያስቀር ይችላል። «ለራስ ዕቃ» ተብሎ በዝቅተኛ አረቦን የተመደነ አይሱዙ ለኪራይ ሲሠራ ቢገኝም ያው ነው። መንጃ ፈቃዱም ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት። በደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ ሹፌር በመድን ዓይን መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ነው።

ጅቡቲ ድረስ ማዳበሪያ ለመጫን የሚሄዱት አንድ ነገር ይጨምሩ። የአገር ውስጡ ውል ድንበር ላይ ይቆማል። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) «ቢጫ ካርድ» በዚያ በኩል ለሦስተኛ ወገን ያገለግላል። ለራሳቸው መኪና ግን ውሉ በማራዘሚያ ጅቡቲን ማካተት አለበት።

ያልተሸፈነውን ማን ይከፍለዋል?

መድን ያልወሰደው አደጋ አይጠፋም፤ ወደ ኪራይ ዋጋ ይገባል። ባለመኪናው «መንገዱ አስጊ ነው» ብሎ በኩንታል የሚጨምረው ብር በተዘዋዋሪ የራሱ መድን ነው። ከጎጃም የሚወጣው ጤፍና በቆሎ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ወደ ጎጃም የሚገባው ማዳበሪያም ማሳ ላይ ሲደርስ፣ ያ ብር አብሮ ይደርሳል። አዲስ መኪና ያለው ሰው መስመሩን ይሸሻል። የሚቀሩት አሮጌ መኪናዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፍሬናቸውም መድናቸውም የሳሳ ነው።

መፍትሔው ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ገበያው ራሱ ያስተካክለው የሚል ነው። ሽፋኑ በግልጽ ይሸጥ፣ ዋጋው ይቆረጥለት፣ የፈለገ ይግዛ። ሁለተኛው መንግሥት የሚደግፈው የጋራ ቋት ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ከ1976ቱ የሶዌቶ አመፅ በኋላ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሳስሪያ የሚባል የሁከትና የነውጥ መድን አቋቁማለች፤ የግል ኩባንያዎች የማይሸከሙትን እሱ ይሸከማል። እኛም ዘንድ የመነሻ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ገጭቶ ባመለጠ መኪና የተጎዳን ሰው የሚክሰው የመድን ፈንድ የተቋቋመው በአዋጅ ነው፤ የአገር ውስጥ የጠለፋ መድን ኩባንያም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አስቸጋሪው ገንዘቡን ማን ያዋጣ የሚለው ነው። ሐዋሳ ላይ በሰላም የሚሠራ ባለመኪና ለጎጃም መስመር ለምን ይክፈል ሊል ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ጥያቄ አልጠፋም፤ በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በደረሰው ሁከት የሳስሪያ ቋት ስላልበቃ የአገሪቱ ግምጃ ቤት በቢሊዮን የሚቆጠር ራንድ ጨምሮበታል።

ከሁለቱ በፊት ሊሠራ የሚችል ቀላል ነገርም አለ። ከሽፋን ውጭ የሆኑት ነገሮች በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ከፊርማው በላይ ቢጻፉ ምንም ቋት አይጠይቅም። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ይህን ማዘዝም የሚችለው እሱ ነው።